አራት ወር በእንግድነት፦ ደብረ ማርቆስ ከተማሪዎች ጋር ልትሠራ የመጣች ኬንያዊት ጉዳይ

መነሻ

ሰሞኑን ሁለት ልጆች ከተለያየ ከተማ ደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ከውጭ አገር ለአንድ ዓመት የሚመጣ ሰው ሊቀበሉ ነው። «ምን እናዘጋጅ?» ይላሉ። በስልክ ደጋግሜ ከማወራው ልጻፈው ብዬ ነው። የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ ብቻ ነው። የእሷንም የሌሎቹንም ስም አልጠራም። ስጠይቃት «ጻፈው፣ ግን የሻዩን ነገር እንዳትዘል» አለችኝ። አልዘለልኩትም።

ዳራ

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ ደብረ ማርቆስ እሠራ ነበር፤ ከሥራ መልስ ደግሞ የወንጌላውያን ተማሪዎችን ኅብረት አስተባብራለሁ። ተማሪው «ፌሎ» ነው የሚለው። ፌሎአችን ትንሽ ነበር። ጎጃም ውስጥ አብዛኛው ሰው ኦርቶዶክስ ስለሆነ የኛ ልጆች ጥቂት ናቸው፤ የምንሰበሰበውም ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ በተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት ነው። ገሚሱ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ነው። የቀሩት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ፌሎ ይመጣሉ፣ ቤት ሲገቡ ግን እናታቸው ጋር ይጾማሉ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ልጅቷ ኪሱሙ ያደገች ናት፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር። ገና መመረቋ ነው። አንድ ዓመት ከተማሪዎች ጋር ሠርታ ልትመለስ ነው የመጣችው። መስከረም መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ተቀብያት በአውቶቡስ መጣን፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባይ በረሃ ስንወርድ «ነጭ አባይ የሚነሳው ከእኛ ሐይቅ ነው፣ ስለዚህ ዘመድ ነን» አለችኝ። ደስ የምትል ልጅ ናት ብዬ አሰብኩ። ነበረችም።

ሦስት ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅተንላት ነበር። አንደኛው ነገር የሰዓት አቆጣጠር ነው። ፈረንጅ ሁሉ የሚቸገርበት እሱ ስለሆነ፣ አውቶቡስ ላይ በወረቀት ሰዓት ስዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ሳቀች። ለካ በስዋሂሊም ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ የእነሱ «ሳ ሞጃ» የእኛ አንድ ሰዓት ነው። ዋናው ትምህርታችን በአስር ደቂቃ አለቀ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ማስታወሻውን የጻፍነው ለሌላ ሰው፣ በሐሳባችን ለሣልነው ፈረንጅ ነበር።

ችግሩ

የመጀመሪያው ወር ያማረ ነበር። ተማሪዎቹ ቦርሳዋን ይሸከማሉ። ካፌ ከገቡ ሒሳብ አያስከፍሏትም። ስትገባ ወንበር ይለቁላታል። እሷም ፕሮግራም አወጣች፦ ማክሰኞ 12 ሰዓት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ሐሙስ የመሪዎች ሥልጠና፣ ቅዳሜ አንድ ለአንድ መገናኘት። ሁሉም «እሺ» አሉ።

ማክሰኞ 12 ሰው ጠብቃ አራት መጡ። የቀሩትን ስትጠይቅ «ይቅርታ፣ ሚድ (የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና) ነበረብኝ፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ» ይሏታል። በሚቀጥለው ሦስት። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ጨርሳ «ገባችሁ?» ስትል «አዎ» ይላሉ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ግማሹ እንዳልገባው አያለሁ። አልነገርኳትም። ለምን ብትሉኝ፣ እንግዳ ናት፣ ምን ብዬ ላሳፍራት? ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ ሻዩ መጣ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ዓርብ ነው። በአገሯ ሻይ ማለት ወተቱ፣ ቅጠሉና ስኳሩ አብሮ ፈልቶ ነው፤ ለእንግዳ ጥቁር ሻይ ማቅረብ ደስ አይላትም። ልጆቹን ልታስደስት ፈልጋ ከአከራይዋ 14 ብርጭቆ ተዋሰች። ወተት ገዝታ አፈላች። ዓርብ መሆኑ ሳያንስ ጾመ ነቢያትም ገብቷል። ከመጡት ውስጥ አምስቱ ፌሎ ያልሆኑ፣ በዶርም ጓደኞቻቸው ተጋብዘው የመጡ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ከኛም የሚጾሙ አሉ። አንዱ «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለ። አንዷ ሆዷን አሟት። አንድ ልጅ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እየሞቀ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠና ሞልቶ እንደነበረ አስቀመጠው። ሲወጡ ብርጭቆዎቹ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ላይ ስልባቦት ተጋግሯል። «ሻዬ አስጠላቸው?» አለችኝ። «አይ፣ ጠግበው ነው» አልኩ። እኔም!

ማታ አከራይዋ አስጠሩኝ። በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ናቸው፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። የልጅቷን ክፍል ሲያከራዩን አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁኝ፦ «ክርስቲያን ናት?» «አዎ፣ ክርስቲያን ናት» ብዬ ነበር። ውሸት አይደለም። ነገር ግን እሳቸው ክርስቲያን ሲሉ የምትጾም፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ማለታቸው እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። አሁን ወተት የነካው ብርጭቆ ፊታቸው ነው። «ጴንጤ ናት ብትለኝ ኖሮ አላከራይም ነበር ብለህ ነው? ብርጭቆዬን ለይቼ አስቀምጥ ነበር እንጂ!» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላም አለ። ገና እኛ ጋ ታኅሣሥ 29 እንደሆነ በማስታወሻው ላይ ጽፈንላታል። የእሷ ገና ግን ታኅሣሥ 16 ዋለ። ማክሰኞ ነበር፣ ግቢ ውስጥ መደበኛ ትምህርት አለ። ማንም «እንኳን አደረሰሽ» አላላትም። እኔም ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ አልደወልኩም። ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተኝታ እንደዋለች የነገረችኝ ከወራት በኋላ ነው።

የተረፈው ቀላል ነው። ብርዱ ጎዳት፤ ኪሱሙ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ ደግሞ አንድ ብርድ ልብስ ነበር የሰጠናት። ገንዘቡም አወናበዳት። ኬንያ ኤም-ፔሳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ ቲማቲም ሳይቀር በስልክ ነው የምትገዛው፤ እኛ ጋ ያኔ ቴሌብርም አልመጣም፣ ጥሬ ብር ካልያዝክ ባጃጅ አትሳፈርም። እነዚህ ግን በሳምንት በሁለት ሳምንት የሚለመዱ ናቸው።

ጥር መግቢያ ላይ ለላኳት ሰዎች የጻፈችውን ደብዳቤ አሳየችኝ። ልመለስ ነው ይላል። «ምን አጠፋን?» ስላት እንዲህ አለች፦ «ምንም። ሁሉም ሰው ደግ ነው። ግን እስካሁን ማንም አንድ እውነት አልነገረኝም።»

የሞከርናቸው ነገሮች

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ዛሬም ያስቀኛል። ስብሰባ ጠራን። ለተማሪዎቹ ወረቀት አድለን «ስለ ፕሮግራሙ ያላችሁን አስተያየት በግልጽ ጻፉ፣ ስም አያስፈልግም» አልን። 19 ወረቀት ተሰበሰበ። 17ቱ «በጣም ጥሩ ነው፣ ይቀጥል» ይላሉ። አንዱ ባዶ ነው። አንዱ «ተባረኪ» ይላል።

ቀጥሎ አስተርጓሚ መደብን። አንድ የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ፣ እንግሊዝኛው ጥሩ የሆነ። ግማሽ ጥቅም ነበረው። ልጁ ግን የስብከት ጸጋ ነበረበት መሰለኝ፣ እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትናገር እሱ አምስት ይናገራል። አንድ ጊዜ «እንዲህ ብያለሁ እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ትዝ ይለኛል።

ሦስተኛው እቅድ አልነበረም። ከጥምቀት ሳምንት በኋላ፣ ከእማማ ግቢ ሦስት ቤት አልፎ አንድ አባወራ ሞቱ። ድንኳን ተጣለ። ልጅቷ ጠዋትና ማታ በድንኳኑ አጠገብ ታልፋለች። በአገሯ ልማድ እንዲህ ሲሆን ሰው ሃራምቤ ብሎ ብር ያዋጣል፣ በስልክም ይልካል። እሷም 200 ብር በፖስታ አድርጋ በአንድ ተማሪ እጅ ላከች። በእሷ ቤት ደግ ነገር አደረገች። ሐዘንተኞቹ ግን ግራ ገባቸው፣ ፖስታውን ለእማማ ሰጧቸው።

እማማ ፖስታውን ይዘው ሳያንኳኩ ክፍሏ ገቡ። በአራት ወር ውስጥ ሳያንኳኩ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረኝ እዚያ የነበረው ተማሪ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ብርሽን ምን ያደርጉታል? እግር የለሽም? ሦስት ቤት ነው!» አሉ። ልጁ ደንግጦ በእንግሊዝኛ «ብትሄጂ ደስ ይላቸዋል እያሉ ነው» ብሎ ተረጎመላት። እማማ እንግሊዝኛ አያውቁም። ማሳጠሩን ግን አወቁ። «አሳጠርከው! እንደተናገርኩት ንገራት!» ብለው ጮኹበት። እንደተናገሩት ነገራት።

አለቀሰች። እማማ ምንም አላሉም። ሄደው የራሳቸውን ነጠላ አመጡና አዘቅዝቀው አለበሷት፣ እጇን ይዘው ወሰዷት። ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ መሃል አስቀመጧት። ሽማግሌ ሲገባ ሰው ሁሉ «ኖር» እያለ ብድግ ሲል እሷም ብድግ ትላለች። ንፍሮ ሰጧት፣ በላች። ማንም ትልቅ ነገር እንድትናገር አልጠበቀም። እስከ ሣልስቱ ሦስቱንም ቀን ሄደች፤ የማክሰኞውን ጥናት ሰርዛ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን እማማ እንጀራ አሸክመው ሰደዷት።

እኔም በዚያው ሰሞን ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ እማማ ዘንድ ሄድኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለ «ክርስቲያን» የተናገርኩትን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ሕጋቸውን አወጡ፦ ግቢያቸው ውስጥ ስብከት የለም፣ በጾም ቀን ወተትና ሥጋ በእሳቸው ዕቃ አይነካም፣ ለእሷ የራሷ ድስትና ብርጭቆ ይገዛላት። ተስማማን። እንዲህ በግልጽ የተነገረ ነገር ስንሰማ ዓመቱ ከገባ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም።

ምን ተለወጠ

እማማ ማዘዝ ጀመሩ። «ሽንኩርቱን ላጪ»፣ «ቡናውን ቁዪ»፣ «እንዲህ አይደለም፣ አምጪ!» አማርኛዋ የመጣው ከዚያ ጓዳ ነው፤ ሁለት ወር የከፈልንበት አስተማሪ ያላመጣውን ሽንኩርት አመጣው። የትእዛዝ አማርኛ ብቻ መሆኑ ችግር ነበረው። አንድ ቀን ለፌሎው ሰብሳቢ በጣም በትሕትና «ና! ተቀመጥ! ብላ!» አለችው።

ተማሪዎቹ ይህን አዩ። በተለይ የአገሩ ልጆች። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «እማማ የሚቆጧት ከሆነ እኛም መናገር እንችላለን ማለት ነው።» ብዙም ሳይቆይ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ መጥቶ «ሐሙስ አልመጣም። ሐሙስ ከመጀመሪያም አይመቸኝም ነበር፣ ላብ (የቤተ ሙከራ ትምህርት) አለኝ» አላት። ይህን ልትነግረኝ እየሮጠች መጣች፤ ስጦታ የተሰጣት ነበር የምትመስለው። የሐሙሱን ፕሮግራም ያን ቀን ሰረዝን። ለካ ስድስት ልጆች ሐሙስ ላብ ነበራቸው። አራት ወር ሙሉ «እሺ» ይላሉ!

ጥናቱንም ቀየርነው። ሰኞ ሰኞ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ተቀምጣ በእንግሊዝኛም በተሰባበረ አማርኛም ታዘጋጃለች። ማክሰኞ የሚመሩት እነሱ ናቸው፣ በአማርኛ። እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች። ሚያዝያ ላይ ከአስር በታች የወረደበት ማክሰኞ ትዝ አይለኝም። ሁሉም በእሷ ነው አልልም፣ ሁለተኛ መንፈቅ ላይ ፍሬሾቹም (አንደኛ ዓመቶቹ) ለምደው ነበር። ግን ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ሰኔ ላይ ደግሞ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ሠራ። መጀመሪያ በፈተናው ሰሞን፣ ከዚያ ከሰኔ 15ቱ የባሕር ዳር ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ተቋረጠ። እናቷ የሚያገኟት በዋትስአፕ ብቻ ነበር። ከለቅሶው በኋላ ግን እማማ «እናትሽ ስልኬን ትወቅ» ብለው ቁጥራቸውን አስጽፈው ኪሱሙ ልከው ነበር። እናትየው በተራ ስልክ ደወሉ። ሁለቱ እናቶች ምን ተባባሉ ብትሉኝ፣ አንዷ ስዋሂሊ አንዷ አማርኛ፣ አንዱም የጋራ ቃል የላቸውም። እማማ ብቻ «አለች! አለች! ደህና ናት!» ይላሉ፣ ከወዲያም ልቅሶና ሳቅ ይሰማል።

ያልሠራው

የቅዳሜው አንድ ለአንድ አልሆነም። ትንሽ ከተማ ነው። ሴት ልጅ ከወንድ ተማሪ ጋር ካፌ ሁለት ጊዜ ከታየች በሦስተኛው ወሬ ነው። ሦስት ሦስት ሆነው እንዲገናኙ አደረግን፤ ወሬው ቆመ፣ ግን ሰው የግል ነገሩን በሦስት አያወራም። መፍትሔ አላገኘሁለትም።

የመኖሪያ ፈቃዱ ነገር ጥፋቱ የእኛ ነው። ከኬንያ ለሚመጣ ሰው ቪዛ ስለማይጠየቅ ሌላ ወረቀት ያለ አልመሰለንም። ዘግይተን ጀመርን፣ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሰች።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ስለ መመለሷ ምንም አለማሰባችን ነው። ሐምሌ ላይ ሸኘናት፣ አለቀስን፣ አለቀ። ኪሱሙ ከገባች በኋላ ወራት እንደተቸገረች ሰማሁ። ሰው ቤት ሳታንኳኳ ትገባ ነበር አሉ።

ለሚቀበሉ ሰዎች

እንግዲህ የጠየቃችሁኝ «ምን እናዘጋጅ» ነበር። ማስታወሻ ካዘጋጃችሁ ለመጣው ሰው ይሁን፣ በሐሳባችሁ ላለው አይሁን። መጀመሪያ ጠይቁት፤ ከሚያውቀው ጀምሩ። ብርድ ልብስ ሁለት ይሁን።

ከሥራ በፊት ቤት። እኛ በገባች በሰባተኛው ቀን ጥናት እንድትመራ አደረግን። አሁን ቢሆን የመጀመሪያውን ወር አንድም ፕሮግራም አልሰጣትም፤ ሽንኩርት የሚያስልጥ ሰው ቤት አስገባታለሁ። ክፍል አከራይና የምትቆጣ እናት አንድ አይደሉም፣ ቤት ስትፈልጉ ሁለተኛዋን ፈልጉ።

ለአከራይ ስለ እምነት እውነቱን ተናገሩ። እምቢ የሚል ካለ ቀድሞ እምቢ ይበል። ሁላችንም «ክርስቲያን» እንላለን፣ የምንለው ግን አንድ ነገር አይደለም። የጾሙንም ቀናት አቆጣጠር ከነምክንያቱ ስጧት፤ ፌሎ አይጾምም ብላችሁ አትዝለሉት፣ ልጆቹ የማን ልጆች ናቸው?

«እሺ»ን አትቁጠሩ። የመጣውን እግር ቁጠሩ። ከናንተ መካከል ደግሞ አንድ ሰው፣ ቢሻል ከተማሪዎቹ፣ እውነቱን የመንገር ሥራ በስሙ ይሰጠው። «ትናንት የተናገርሽው አልገባንም» ብሎ ሳምንት በሳምንት የሚነግራት። ይሉኝታ አለብን፣ በፈቃዱ ማንም አያደርገውም፤ ሥራው ነው ከተባለ ግን ያደርገዋል። ይህን በኋላ ሞክረን አይተነዋል።

የእሷን በዓላት በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፉ፣ በእኛ አቆጣጠር ለውጣችሁ። ታኅሣሥ 16 አንድ ሰው ቡና ያፍላላት፣ በቃ።

በ2012 ሁለተኛ ሰው መጣ፣ እሱም ከኬንያ፣ ወንድ ነው። ይህን ሁሉ ልንሞክርበት ተዘጋጅተን ነበር። የመጀመሪያውን ወር ያለ ፕሮግራም እማማ ግቢ ቆየ። እውነት የሚነግረውም ልጅ ተመደበለት። ይህኛው ሠራ፤ ገና ኅዳር ሳይገባ ጥናቱን ሁለት ጊዜ አስተካከለ። ጓዳው ግን አልሠራም። እማማ ወንድ ልጅ ሽንኩርት አያስልጡም፤ ሳሎን አስቀምጠው ያበሉታል፣ «ተወው ልጄ፣ ዕረፍ» ይሉታል። ስለዚህ እሱ አራት ወር እንግዳ ሆኖ ቀረ። ለወንድ የሚሆነውን የሽንኩርት ሥራ ስንፈልግ፣ አንድ ተማሪ «እህል የሚያስጭኑ አጎት አሉኝ፣ ጠዋት ጠዋት አብሯቸው ይውጣ» ብሎ ሐሳብ አመጣ። ሁለት ሳምንት እንደሠራ መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ልጁም ወደ አገሩ ተመለሰ።